የእማዬን ሳሎን ልንካው ወይስ ልተወው?

ሰላም እትዬ፣

ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ለመጻፍ ግን ዛሬ ነው የደፈርኩት። የ36 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ነው። ነርስ ነኝ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ አዳር እገባለሁ። ባለትዳር ነኝ፣ የ5 ዓመት ልጅ አለችኝ።

የምንኖረው እናቴ በተወችልን ቤት ውስጥ ነው። እማዬን ያስታመምኳትም እዚሁ ነው። ባለፈው ነሐሴ ሙት ዓመቷን አወጣን። ሳሎኑ ግን እሷ እንደተወችው ነው ያለው። አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ቀይ ሊሾ፣ ትልቅ የዋንዛ ቡፌ፣ ዳንቴል የለበሱ ወንበሮች፣ ግድግዳው ሙሉ ፎቶ። እንግዳ ካልመጣ ማንም አይቀመጥበትም። እኔ ከአዳር ስመለስ ሻዬን የምጠጣው ወጥ ቤት ዱካ ላይ ነው። ሳሎን ስገባ ያ ሁሉ ለቀስተኛ አሁንም የተቀመጠ ይመስለኛል። ከሰዓት ደግሞ ሙቀቱ አያስገባም፣ ቆርቆሮው እሳት ነው።

ስልኬ ላይ የሰው ቤት አያለሁ። ነጭ ግድግዳ፣ ሻማ፣ ለስላሳ ምንጣፍ፣ መስኮት ሥር የተደረደረ ትራስ። እያየሁ እንቅልፍ ይወስደኛል። አሁን እቁብ ወጥቶልኝ 150 ሺህ ብር እጄ ላይ አለ። ባለቤቴ ባለ መብራት የጂፕሰም ኮርኒስ፣ ሴራሚክና ኤል ቅርጽ ያለው ሶፋ እናስገባ ይላል። ባለሙያ አምጥቶ ለጂፕሰሙ ብቻ ከገንዘቡ ግማሽ በላይ ጠየቀን። አዲስ አበባ ላለው ታላቅ ወንድሜ ለጋሽዬ ደውዬ ስነግረው ዝም አለ። ቆይቶ «የእማዬን ቤት ሆቴል ልታደርጉት ነው?» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ይኸው ሦስት ሳምንት አልደወለም።

እኔ የምፈልገው የማርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ግን እናቷን የረሳች ልጅ የሆንኩ እየመሰለኝ ነው። ምን ላድርግ?

ማረፊያ ያጣሁት፣ ከአዳማ

*

የኔ እህት፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ዓይኔ የቀረው ዱካው ላይ ነው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሕመም ተሸክመሽ አድረሽ፣ ጠዋት ቤትሽ ገብተሽ፣ የምትቀመጪው ሽንኩርት የሚላጥበት ቦታ ላይ። ይሄ መስተካከል አለበት። እናቱን የረሳ ሰው ደግሞ ሳሎን በር ላይ ሲደርስ ለቀስተኛ አይታየውም። ያንን ሐሳብ ከራስሽ ላይ አውርጂው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሳሎኑ ውስጥ የሚከብድሽ ምኑ ነው? ቡፌው ነው? ፎቶዎቹ ናቸው? ወይስ አቀማመጡ? የምጠይቅሽ በምክንያት ነው። ለቅሶ ሲሆን ዕቃው ወደ ዳር ይገፋል፣ ወንበሩ ግድግዳ ታክኮ ዙሪያውን ይደረደራል፣ መሐሉ ባዶ ይሆናል። ከዚያ አርባው ያልፋል፣ ሙት ዓመቱ ያልፋል፣ በብዙ ቤት ግን ወንበሮቹ እዚያው ይቀራሉ። ማንም ሳያስበው ሳሎኑ ለቅሶ እንደተቀመጠ ዓመት ይሞላዋል። የአንቺም እንደዚያ ከሆነ መጀመሪያ የሚያስፈልግሽ ብር አይደለም፣ ዕቃ የሚያነሳ ሁለት ጠንካራ ሰው ነው።

እኔ እናቴ ስታርፍ ነጠላዋን ከተሰቀለበት ምስማር ላይ ሦስት ዓመት አላነሳሁትም። አቧራ ጠጥቶ ጠርዙ ቢጫ ሆነ። አንድ ቀን እህቴ አውርዳ አጠበችውና አጣጥፋ ትራሴ ላይ አስቀመጠችልኝ። በጣም ተቆጣሁ። ማታ ግን ለብሼው ተኛሁ። በሦስቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ነክቼው እንደማላውቅ የገባኝ ያኔ ነው። አንቺም ያንን ሳሎን በር ላይ ቆመሽ ነው የምታዪው፣ አትነኪውም።

ስለዚህ ከእቁቡ አንድ ብር ሳታወጪ ወንበሮቹን ከግድግዳው አላቂያቸው። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጊያቸው፣ ቅርብ፣ ሁለት ሰው ሳይጮህ የሚያወራበት ያህል። ፎቶዎቹን ለጊዜው አትንኪ፣ እመለስባቸዋለሁ። እንደዚያ አድርገሽ አንድ ሳምንት ኑሪበት። ልጅሽ የት ሄዳ እንደምትጫወት እዪ። ባለቤትሽ ስልኩን ይዞ የት እንደሚቀመጥ እዪ። ጠዋት ብርሃኑ በየትኛው መስኮት እንደሚገባ፣ ከሰዓት ፀሐዩ የቱን ግድግዳ እንደሚመታ፣ ነፋሱ የቱ ጋ እንደሚያልፍ ተቀምጠሽ እዪ። ይሄን ያላየ ሰው ነው የማይሆን ዕቃ የሚገዛው።

ስልክሽ ላይ የምታያቸውን ቤቶች እኔም አያለሁ፣ ደስ ይላሉ። ግን አስተውለሽ ከሆነ ሻማው፣ ባለ ፀጉር ምንጣፉ፣ ወፍራም ብርድ ልብሱ አብዛኛው የብርድ አገር ነገር ነው። ዴንማርኮች ለዚህ ዓይነቱ የቤት ውስጥ ምቾት «ሁጌ» የሚል የራሳቸው ቃል አላቸው። እነሱ ጋ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ገና ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ትጠልቃለች፣ ውጪው ጨለማና ብርድ ነው፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሻማ ለኩሶ ብርድ ልብስ ውስጥ ቢጠቀለል እውነቱን ነው። አንቺ ያለሽው ግን ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። አዳማ ላይ ሰውነት የሚያርፈው ጥላ ሲያገኝ፣ ነፋስ ሲነካው፣ እግር ቀዝቃዛ ነገር ሲረግጥ ነው። ያንን ምንጣፍ ብታነጥፊው በሳምንቱ አቧራ ይጠግባል። ነፋሱን ታውቂዋለሽ፣ ከተማው ዳር ኮረብታው ላይ ያን ሁሉ የንፋስ ኃይል ማመንጫ ያስተከለ ነፋስ ነው። ስለዚህ ፎቶውን ስታዪ «ዕቃው ምንድን ነው» ከማለት ይልቅ «ይሄ ሰው ምን ተሰምቶት ነው የተቀመጠው» በዪ። ያንን ስሜት አዳማ ውስጥ በምን ታገኚዋለሽ? እኔ የሚታየኝ ባዶ እግርሽን ሊሾው ላይ አድርገሽ፣ መስኮቱ ክፍት ሆኖ፣ ማንም ሳይጠራሽ ሻይ ስትጠጪ ነው።

ሊሾውን ደግሞ አደራ አትንኪው። ባለቤትሽ ሴራሚክ ያለው እንዲያምር ነው፣ ይገባኛል። ግን እግርሽ ሥር ያለው ሲሚንቶ ሌሊት የያዘውን ቅዝቃዜ ቀን ድረስ ያቆይልሻል። ቀለሙ ደብዝዞ ከሆነ በደንብ ይታጠብ፣ ይድረቅ፣ ሰም ተቀብቶ ይወልወል። የተሰነጠቀ ቦታ ካለ ግንበኛ በግማሽ ቀን ይደፍነዋል። ቀዩ ወለል ሲያበራ ቤቱ ምን ያህል እንደሚነቃ ታያለሽ። መሐሉ ላይ ሰሌን ወይም ስስ የጥጥ ምንጣፍ፣ አራግፈሽ የምታነጥፊው፣ ይበቃዋል።

ሙቀቱን በደንብ እንነጋገርበት፣ ምክንያቱም ሙቀቱ ካልተፈታ ምንም ዓይነት ሶፋ ብታስገቢ ከሰዓት ማንም አይቀመጥበትም። እሳት ያልሽው ቆርቆሮ ኮርኒሱ ላይ ያለውን አየር ያግለዋል፣ የጋለው አየር መውጫ ካጣ እላያችሁ ላይ ተቀምጦ ይውላል። ጂፕሰም ያምራል፣ ግን ከላዩ ምንም ካልተነጠፈበት ይሄን ሙቀት ብዙ አይከለክልልሽም። ባለሙያውን ስለ ደረጃውና ስለ መብራቱ ከመጠየቅሽ በፊት «ከላይ የሙቀት መከላከያ ታነጥፋለህ? የጋለው አየር በየት ይወጣል?» ብለሽ ጠይቂው። አሁን ያለው ኮርኒስ ካልበሰበሰ እሱው እንዳለ ከላዩ መከላከያ ማንጠፍና በጣሪያው ሁለት ጫፍ ባለ ወንፊት መተንፈሻ ማስከፈት ከጂፕሰሙ በጣም ያነሰ ወጪ ነው። ቆርቆሮውን ከላይ ነጭ ቀለም ማስቀባትም ይረዳል፣ ነጭ ፀሐዩን መልሶ ይወረውረዋል።

በምዕራብ በኩል መስኮት ካለሽ ጥላው ከውጪ መሆን አለበት። ፀሐይ መስታወቱን አልፎ ከገባ በኋላ መጋረጃ ብትዘጊበት ሙቀቱ ቀድሞሽ ገብቷል። ከውጪ ሰሌን አንከባለሽ የምታወርጂበት ነገር አሠሪ፣ ወይም እንጨት አቁመሽ ሐረግ አስወጪበት። ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ መስኮት ይከፈት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ገደማ ሙቀቱ ሳይበረታ ይዘጋ። መስኮቶቹ ላይ ግን መጀመሪያ የትንኝ ወንፊት ይግባ። የአዳማን ወባ ለአንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ማራገቢያ ከፈለጋችሁ የኮርኒሱ ይሻላል፣ 75 ዋት ገደማ ነው የሚበላው፣ ኤሲ ግን ከ1,000 ዋት ያልፋል። ማራገቢያ ሰውን እንጂ ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰው ሲወጣ ይጠፋል።

ቀለሙ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ አለኝ። አሮጌ የዘይት ቀለም ውስጥ እርሳስ ሊኖር ይችላል። አዲሱ እንዲይዝ ግድግዳው በብርጭቆ ወረቀት መታሸት አለበት፣ ግን ደረቁን እንዳያሹት። እያረጠቡ ይሹት፣ ልጅሽ እነዚያን ቀናት ዘመድ ቤት ትሁን፣ አቧራው በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ ካለቀ በኋላ ትመለስ። የቀለሙ ዓይነት የእናንተ ምርጫ ነው። እኔ ብሆን ነጭ ነጭ የሚል፣ ትንሽ ክሬም የገባበት፣ የማያንጸባርቅ አደርገዋለሁ።

መብራቱ ላይ ግን ሙጭጭ እላለሁ። አሁን ሳሎንሽ መሐል ኮርኒሱ ላይ አንድ ነጭ አምፖል ያለ ይመስለኛል፣ ተሳስቼ ከሆነ ይቅርታ። አስቢው እስቲ። ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ነጭ የሆስፒታል መብራት ሥር ትሠሪያለሽ፣ ነፃ ሆነሽ ቤትሽ በምታመሺበት ቀንም በዚያው መብራት ሥር ትቀመጫለሽ። ሰውነትሽ ከሥራ መውጣቱን በምን ይወቅ? አምፖል ስትገዢ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር እዪ። 2700 ወይም 3000 ኬልቪን የሚለው የፋኖስ ዓይነት ቢጫ ብርሃን ይሰጥሻል፣ 6500 የሚለው ነጭ ሰማያዊ ነው። ቢጫውን ግዢና አንዱን ከፍ አድርገሽ ሳይሆን ዝቅ አድርገሽ፣ ወንበርሽ አጠገብ፣ ክዳን ባለው መብራት አድርጊው። ለዚህ ትንሽ ገንዘብ ይበቃል። ቤት ውስጥ ካሉ ለውጦች ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ የሚሠራው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

መኝታ ቤቱን በደብዳቤሽ አላነሳሽውም፣ ግን ቀን የምትተኚ ሰው ስለሆንሽ እኔ ላንሳው። ብርሃን ሲገባ አእምሮ ነቅቶ ይቆያል። ወፍራም ጠቆር ያለ ጨርቅ ከመጋረጃው ጀርባ ይደረብ፣ ዳር ዳሩ ግድግዳውን ይንካ። ከሳሎኑ በፊት ይሄ ቢሠራ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጋሽዬ። «ሆቴል» ያለው በጂፕሰሙ ተናዶ አይመስለኝም። አንቺ እማዬን አስታመሻታል፣ አጥበሻታል፣ በየቀኑ በእሷ በር ትገቢያለሽ። እሱ ግን ከአዲስ አበባ ሲመጣ በሩን ከፍቶ የሚገባው ልጅነቱ ውስጥ ነው። ሐዘኑን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ ላይኖረው ይችላል። ባለሙያ መጥቶ ዋጋ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ነው የሰማው፣ እንደ ተወሰነ ነገር። እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ አስቢው፣ አንቺስ ምን ትዪ ነበር?

ስለዚህ እሱ እስኪደውል አትጠብቂ። ደውዪና ስለ ቤቱ ሳይሆን ስለ ራስሽ ንገሪው። «ጋሽዬ፣ ሳሎን መግባት አቅቶኛል፣ ለቅሶው ነው የሚታየኝ» በዪው። ለእኔ የጻፍሽልኝን ያንን አረፍተ ነገር ለእሱ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ከዚያ ቅዳሜ ና በዪው፣ በፍጥነት መንገዱ ሩቅ አይደለም። ና፣ ቡፌውን አብረን እንክፈተው በዪው።

ቡፌው ከቤቱ የሚወጣ አይመስለኝም። ዋንዛ ነው ብለሻል፣ ዛሬ እንደዚያ ያለ እንጨት በዚያ ዋጋ አታገኚም። ጋሽዬ ሲመጣ ዕቃውን በሙሉ አውጡት፣ ሲኒውን፣ ብርጭቆውን፣ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ያለውን ወረቀትና ቁልፍ ሁሉ። እያንዳንዱን ከማን እንደ ተገኘ እያወራችሁ። እሱ የሚፈልገውን ይውሰድ፣ ጀበናውንም ቢሆን። ፎቶዎቹን በስልክ አንስታችሁ ሁለታችሁም ጋ ይኑሩ፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ የሚቀሩትን አምስት ስድስቱን አብራችሁ ምረጡ። የተመረጡት አንድ ግድግዳ ላይ ቀረብ ቀረብ ብለው ይሰቀሉ። ባዶውን ቡፌ አናጺ ይየው። በማይታየው ጎኑ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ይሞክር፣ የጠቆረውን ቫርኒሽ በስስ ብርጭቆ ወረቀት ሲያነሳው ከሥሩ ያ ማር የመሰለ የዋንዛ ቀለም ብቅ ይላል። አዲስ ቫርኒሽ ስስ አድርጎ፣ የማያብረቀርቅ። ሲመለስ ሲኒዎቹን የበዓል ብቻ አታድርጊያቸው፣ አንዱ የጠዋት የአንቺ ይሁን።

ሌላም የማነሳው ነገር አለ፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ። «እናቴ በተወችልን ቤት» ብለሻል። «ልን» ያልሽው ጋሽዬንም ይጨምራል? ውርሱ ተጣርቶ በስማችሁ ዞሯል? ካልሆነ ግማሽ እቁብ ከኮርኒስ ጋር ከመለጠፍሽ በፊት ያ ይለቅ። በጥርጣሬ አይደለም፣ በፍቅር እንዳላችሁ ይለቅ። እስከዚያ ገንዘቡን ነቅለሽ ልትወስጂው በምትችዪው ነገር ላይ አውዪው። ወንበር፣ መብራት፣ መጋረጃ፣ ማራገቢያ።

ባለቤትሽን ደግሞ ጂፕሰም ወዳድ ብቻ አድርገሽ አትዪው። ሰውዬው የሚኖረው አማቱ ቤት ነው። በአማቱ ፎቶ ሥር ይቀመጣል፣ በአማቱ ወንበር ላይ። ምናልባት የሚፈልገው እንግዳ ሲመጣ «ይሄ የኔም ቤት ነው» ማለት ነው። ጠይቂው፣ ግን ባለሙያ ፊት አይደለም፣ ማታ ልጅቷ ከተኛች በኋላ። ሶፋውን እሱ ይምረጥ። ኤሉ ይሁንለት፣ ክፍሉ ከቻለ። የምትለምኚው የጨርቁን ነገር ብቻ ነው፣ ቬልቬትና ፕላስቲክ ቆዳ በአዳማ ሙቀት ላብ ነው፣ ጥጥ የበዛበት፣ ልባሱ ወልቆ የሚታጠብ ይሁን። ትራሶቹን በሽመና ጥለት ብታስለብሻቸው ደግሞ የእማዬም እጅ ያለበት ይመስላል።

የአንቺ ጥግ የት ይሁን? የጠዋት ብርሃን የሚገባበት መስኮት ሥር፣ ከዋናው በር ራቅ ብሎ፣ ጀርባሽ ወደ ግድግዳ። አንድ ወንበር፣ ያ ዝቅ ያለ መብራት፣ መስኮቱ ላይ ጠጅ ሣር በዘይት ጣሳ። ነፋስ ሲነካው ይሸታል። ልጅሽንም ባለቤትሽንም ንገሪያቸው፣ እማማ እዚያ ስትቀመጥ ሻይዋን እስክትጨርስ አትጠራም። ይሄ ከባዱ ክፍል ነው፣ ከቀለሙም ከሶፋውም። መጀመሪያ ላይ አንቺው ራስሽ ትነሻለሽ፣ ድስቱ ይታይሻል። ተመልሰሽ ተቀመጪ።

ቅዳሜ ጋሽዬ ከመጣ ምን እንዳገኛችሁ ጻፊልኝ፣ በተለይ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ። የሚቀጥለው አዳርሽ ጠዋት ግን ይሄ ሁሉ እስኪሆን አትጠብቂ። ከአንዱ ወንበር ላይ ዳንቴሉን አንሺና መስኮቱ ሥር ጎትቺው። ዱካውን ከወጥ ቤት አምጥተሽ የሻይ ማስቀመጫ አድርጊው።